ከኩላሊት ንቅለ ተከላ በኋላ ቫይታሚን ሲ እና ኢ፦ ለደም ሥር ምን ይፈይዳሉ፣ የት ላይ ይጎዳሉ

ኩላሊት ተተክሎላቸው ለዓመታት በደህና ከኖሩ ሰዎች መካከል ብዙዎቹን የሚነጥቀው የልብና የደም ሥር በሽታ ነው፤ ያውም የተተከለው ኩላሊት ሥራውን እየሠራ ሳለ። በየክትትሉ ቀን ክሬቲኒን (ኩላሊቱ ሲደክም በደም ውስጥ ከፍ የሚለው ቆሻሻ) ይታያል፣ ሰውነት ኩላሊቱን እንዳይገፋ የሚሰጠው መድኃኒት መጠን በደም ይለካል፣ ሽንት ይመረመራል። የደም ሥሩ ግን በላብራቶሪ ወረቀቱ ላይ የራሱ መስመር ስለሌለው በቀላሉ ይዘነጋል። በዚህ ክፍተት የሚገባው ብዙ ጊዜ የቫይታሚን ጠርሙስ ነው፦ ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ባለ 1000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ፣ ባለ 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ፣ ወይም «የደም ሥር ያጸዳል» የተባለለት ድብልቅ። ላኪው በፍቅር ልኮታል፤ ተቀባዩም የሚውጠው ለተሰጠው ኩላሊት ተጠንቅቆ ነው።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። ከንቅለ ተከላ በኋላ በደም ሥር ላይ የሚደርሰው የኦክሲዴሽን ጉዳት፣ ማለትም ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ያልተረጋጉ ሞለኪውሎች ሴሎችን ሲያጠቁ የሚመጣው ጉዳት፣ እውነት ነው። ጉዳቱን በከፍተኛ መጠን ቫይታሚን መቀልበስ ይቻላል የሚለው ተስፋ ግን በሰው ላይ ሲፈተን አልጸናም፤ አንዳንዱ እንክብል ደግሞ ኩላሊቱን ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል። በምግብ የሚገባው ቫይታሚን ከዚህ የተለየ ነው፤ እሱ ያስፈልጋል፣ ሊቀርም አይገባም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ደም ሥሩ ውስጥ የሚሆነው

የደም ሥር የውስጥ ሽፋን፣ ኢንዶቴልየም የሚባለው፣ ውፍረቱ አንድ ሴል ብቻ ነው። ይህ ስስ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ያመነጫል። ጋዙ ከሥሩ ያለውን ጡንቻ ያላላል፣ ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ግድግዳው ላይ እንዳይጣበቁ ያደርጋል፣ ነጭ የደም ሴሎችም ዘልቀው እንዳይገቡ ይከላከላል። ዕድሜው ግን በሰከንዶች የሚቆጠር ነው። አጠገቡ ሱፐርኦክሳይድ የሚባለው ፍሪ ራዲካል ካለ ወዲያው ይጣመሩና ፐርኦክሲናይትራይት ወደተባለ ጎጂ ነገር ይለወጣሉ። ፐርኦክሲናይትራይት በተራው ቴትራሃይድሮባዮፕተሪን የተባለውን፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራውን ኤንዛይም ረዳት ያበላሻል። ረዳቱ ሲጎድል ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲሠራ የነበረው ያው ኤንዛይም ፊቱን አዙሮ ሱፐርኦክሳይድ ማምረት ይጀምራል። ጉዳቱ ራሱን በራሱ እያባዛ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው።

ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ወደዚህ ደረጃ የሚደርስባቸው በሮች ብዙ ናቸው። ከቀዶ ጥገናው በፊት ለዓመታት የቆየ የኩላሊት ድክመትና የዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ጊዜ አለ፤ ያ ዘመን የደም ሥሩን አደንድኖ፣ ካልሲየም አስቀምጦበት ያልፋል። በቀዶ ጥገናው ዕለት ደም ተቋርጦበት የቆየው ኩላሊት እንደገና ደም ሲገባበት የፍሪ ራዲካል ፍንዳታ ይነሣል። በኢትዮጵያ፣ በ2015 ሥራ በጀመረው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የንቅለ ተከላ ማዕከል እንደሚደረገው፣ ኩላሊቱ በሕይወት ካለ ዘመድ ሲወሰድ ኩላሊቱ ያለ ደም የሚቆይበት ጊዜ አጭር ስለሆነ ይህኛው ጉዳት ያንሳል። ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው መድኃኒቱ ነው። ሰውነት ኩላሊቱን እንዳይገፋ የሚወሰዱት ሳይክሎስፖሪንና ታክሮሊመስ የደም ሥርን ያጠብባሉ፣ ግፊት ይጨምራሉ፤ ፕሬድኒሶሎን ስኳርንና ስብን ከፍ ያደርጋል። አንጂዮቴንሲን ሁለት የተባለው ሆርሞን ሲበዛም በደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ሱፐርኦክሳይድ የሚያመርተውን ኤንዛይም ይቀሰቅሳል።

በአንጻሩ መልካም ዜናም አለ። ከተሳካ ንቅለ ተከላ በኋላ በደም ውስጥ የሚለኩት የኦክሲዴሽን ምልክቶች ከዲያሊሲሱ ዘመን ጋር ሲነጻጸሩ በመጀመሪያዎቹ ወራት ውስጥ በግልጽ ይቀንሳሉ። በደንብ የሚሠራ ኩላሊት ከየትኛውም እንክብል በላይ አንቲኦክሲዳንት (የኦክሲዴሽን ጉዳት ተከላካይ) ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ኩላሊቱን ሊጎዳ የሚችል ማንኛውም ነገር ለደም ሥር ሊጠቅም አይችልም።

የደም ሥሩ ጤና እንዴት እንደሚለካ ማወቅ ጥናቶቹን ለመረዳት ይረዳል። ሰውየው ሳይበላ፣ ቡና ሳይጠጣ፣ ጸጥ ባለ ክፍል ይጋደማል። ከክርኑ ከፍ ብሎ ያለው የክንድ አርተሪ በአልትራሳውንድ ይታይና ስፋቱ ይለካል። ከዚያ በታችኛው ክንድ ላይ የግፊት መለኪያው ጨርቅ ታስሮ ደሙ እስኪቆም ድረስ ይነፋና 5 ደቂቃ ይቆያል። ሲለቀቅ ደሙ በአንድ ጊዜ ይጎርፋል፤ ጤነኛ ኢንዶቴልየም ያንን ጉርፊያ ሲሰማው ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቅና ሥሩ ይሰፋል። ከአንድ ደቂቃ ገደማ በኋላ እንደገና ይለካል። 4 ሚሊሜትር የነበረ ሥር በ7 በመቶ ሰፋ ማለት ለውጡ ከአንድ ሚሊሜትር ሦስት አሥረኛ ያነሰ ነው። መርማሪው እጁ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ልኬቱ ይበላሻል። ስለዚህ በዚህ ምርመራ ብቻ «ቫይታሚን ሲ የደም ሥር አሻሻለ» የሚል ዜና ሲሰሙ ስንት ሰው ላይ፣ ለስንት ጊዜ ተለካ ብለው ይጠይቁ።

ጥናቶቹ የሚሉት

በ2001 የወጣ አንድ ጥናት ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች አንድ ጊዜ ከፍተኛ መጠን ቫይታሚን ሲ ሲወስዱ ከላይ የገለጽኩት የአርተሪ መስፋት እንደተሻሻለ አሳይቷል። ያው የአንድ ዕለት ለውጥ ነው። በ2002 ደግሞ ልብ የተተከለላቸው 40 ሰዎች ለአንድ ዓመት በቀን ሁለት ጊዜ 500 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ እና 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ፣ ወይም ባዶ እንክብል ተሰጥቷቸው ነበር። በልብ ሥር ውስጥ በገባ አልትራሳውንድ ሲታይ ቫይታሚኑን በወሰዱት ላይ የግድግዳው ውፍረት እምብዛም አልጨመረም፤ ባዶውን በወሰዱት ላይ ጨመረ። የንቅለ ተከላ ሐኪሞችን ተስፋ ያነሣሣው ይህ ጥናት ነበር። ነገር ግን 40 ሰው ትንሽ ቁጥር ነው፤ የተተከለው ልብ እንጂ ኩላሊት አልነበረም፤ የልብ ሥሮቹ የመስፋት ችሎታም በሁለቱ ቡድኖች መካከል አልተለያየም።

ሌላው ብዙ የሚጠቀሰው በእስራኤል ተሠርቶ በ2000 የታተመው ነው። 196 የዲያሊሲስ ታማሚዎች፣ ሁሉም ቀድሞ የልብ በሽታ የነበረባቸው፣ በቀን 800 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ወይም ባዶ እንክብል ወስደዋል። የልብ ሕመምና መሰል አደጋ ቫይታሚኑን ከወሰዱት 16 በመቶውን፣ ካልወሰዱት 33 በመቶውን አገኘ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የሞት ቁጥር ግን አልቀነሰም፤ ተሳታፊዎቹም በዲያሊሲስ ላይ ያሉ ነበሩ። በዚያው ዓመት ከ9,500 በላይ ለልብ በሽታ የተጋለጡ ሰዎችን አራት ዓመት ተኩል ገደማ የተከታተለው ሆፕ የተባለው ጥናት በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ምንም እንዳልጠቀመ አሳየ። ክትትሉ ሲራዘም እንዲያውም ቫይታሚን ኢ በወሰዱት ላይ የልብ ድካም በዝቶ ተገኘ።

በቀጥታ ኩላሊት የተተከለላቸውን የሚመለከተው ትልቁ የቫይታሚን ጥናት ፌቨሪት ይባላል። በአሜሪካ፣ በካናዳና በብራዚል 4,110 ሰዎች ተሳትፈውበት በ2011 ታትሟል። የተፈተነው አንቲኦክሲዳንት ሳይሆን ፎሊክ አሲድ 5 ሚሊግራም፣ ቢ6 50 ሚሊግራም እና ቢ12 1 ሚሊግራም ነበር፤ ዓላማውም የደም ሥርን ይጎዳል የሚባለውን ሆሞሲስቴይን ዝቅ ማድረግ ነበር። ሆሞሲስቴይኑ በእርግጥ ወረደ። የልብ ሕመሙ፣ ስትሮኩና ሞቱ ግን አልቀነሰም። ለእኔ ከሁሉም የሚያስተምረው ይህ ነው፦ የላብራቶሪ ቁጥር ተሻሻለ ማለት ሰውየው ዳነ ማለት አይደለም።

ቫይታሚን ሲ በደም ሥር ውስጥ ለምን እንደሚሸነፍ በቁጥር ማየት ይቻላል። ናይትሪክ ኦክሳይድ ከሱፐርኦክሳይድ ጋር የሚጣመርበት ፍጥነት ቫይታሚን ሲ ሱፐርኦክሳይድን ከሚያጠፋበት ፍጥነት ከ10,000 እጥፍ ይበልጣል። ቫይታሚኑ ሽሚያውን ለማሸነፍ በደም ውስጥ ወደ 10 ሚሊሞል አካባቢ መድረስ አለበት፤ ያ ደግሞ በመርፌ ብቻ የሚገኝ መጠን ነው። በአፍ የሚወሰደው በቀን 200 ሚሊግራም ሲደርስ ደሙ ከ0.07 እስከ 0.08 ሚሊሞል ላይ ይጠግባል። ከዚያ በላይ አንጀት የሚቀበለው ድርሻ ይቀንሳል፣ የተረፈውም በሽንት ይወጣል። 1000 ሚሊግራም መዋጥ ደሙን አምስት እጥፍ አያበለጽገውም፤ ኩላሊቱን ግን ያሠራዋል። የጉዳቱን ምንጭ ሳይነኩ አንቲኦክሲዳንት መጨመር ምድጃው ላይ እንጨት እየማገዱ ጭሱን በእጅ እንደማባረር ነው።

ጠርሙሱ የት ላይ ይጎዳል

አንደኛውና ትልቁ ኦክሳሌት ነው። ሰውነት ቫይታሚን ሲን ሲያፈርስ ከሚያወጣቸው ነገሮች አንዱ ኦክሳሌት ሲሆን መውጫው ኩላሊት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ኩላሊቱ የደከመ ከሆነ ኦክሳሌቱ በደም ውስጥ ይከማችና ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ በኩላሊቱ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ክሪስታል ይሠራል። አዲስ ኩላሊት የተተከለለት ሰው ደግሞ ከዲያሊሲስ ዘመን ያከማቸው ኦክሳሌት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዚያው በአዲሱ ኩላሊት በኩል ይወጣል። ቫይታሚን ሲ በብዛት ሲጨመርበት ምን እንደሚፈጠር መገመት አያዳግትም። ታማሚው ምንም ሳያመው ክሬቲኒኑ በደም ውስጥ ከፍ ይላል። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሰውነት ኩላሊቱን መግፋት መጀመሩን ነው። ከኩላሊቱ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ በፖላራይዝድ ብርሃን ሲታይ ግን ቱቦዎቹ ውስጥ እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ የሚያብረቀርቁ ክሪስታሎች ይገኛሉ። እንደዚያ ያለ ጉዳት ሁልጊዜ አይመለስም። የጤነኛ ሰው የቀን ፍላጎት ለወንድ 90፣ ለሴት 75 ሚሊግራም ነው፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው እንክብል ካስፈለገ ከ60 እስከ 100 ሚሊግራም ባለው መወሰን የተለመደ ነው። በውሃ የሚሟሟው ባለ 1000 ሚሊግራሙ ክብ ፍሬ ከዚህ አሥር እጥፍ ይበልጣል፤ ለመፍላት ሲባል ሁለትና ሦስት መቶ ሚሊግራም ሶዲየም የተጨመረባቸውም አሉ። ይህ ለግፊት ጥሩ አይደለም።

ሁለተኛው የመድኃኒቱ መጠን ነው። ሳይክሎስፖሪንና ታክሮሊመስ በጣም ጠባብ በሆነ ክልል ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ ትንሽ ሲያንሱ ሰውነት ኩላሊቱን ይገፋል፣ ትንሽ ሲበዙ ኩላሊቱን ይመርዛሉ። በአውስትራሊያ ተሠርቶ በ2005 የታተመ ጥናት ሳይክሎስፖሪን የሚወስዱ ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች የቫይታሚን ሲ፣ የኢ እና የቤታ ካሮቲን ድብልቅ ሲጀምሩ የመድኃኒቱ የደም መጠን ሩብ ያህል እንደወረደ አሳይቷል። ልብ በተተከለላቸው ላይም ሲ እና ኢ አብረው ሲሰጡ ተመሳሳይ መውረድ ታይቷል። በውሃ እንዲሟሟ ተደርጎ የሚሠራው የቫይታሚን ኢ ዓይነት ደግሞ በተቃራኒው ሳይክሎስፖሪን አንጀት ውስጥ በብዛት እንዲገባ ያደርጋል። አንዱ ያወርዳል፣ አንዱ ያወጣል፤ የጠርሙሱ መለያ ላይ ሁለቱም «ቫይታሚን ኢ» ነው የሚላቸው።

መለያውን ማንበብ ከፈለጉ ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን ጽሑፍ ትተው ጀርባውን ያዙሩ። መጀመሪያ አንድ «መጠን» የሚለው ስንት ፍሬ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቫይታሚን ኢን ይፈልጉ። ከተፈጥሮ የተገኘው አንድ ዩኒት 0.67 ሚሊግራም ነው፤ ስለዚህ 400 ዩኒት 268 ሚሊግራም ይሆናል። የቀን ፍላጎቱ 15 ሚሊግራም ስለሆነ ይህ 18 እጥፍ ገደማ ነው። አስፒሪን ወይም ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ በሚወስድ ሰው ላይ እንዲህ ያለ መጠን መድማትን ያበረታል። በ2011 የወጣው ሴሌክት የተባለው ጥናት ደግሞ በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ በወሰዱ ወንዶች ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ በዝቶ እንደተገኘ አሳይቷል። የመከላከል አቅሙ በመድኃኒት ዝቅ የተደረገ፣ ለካንሰር ቀድሞውኑ የተጋለጠ ሰው ይህን ችላ ሊለው አይገባም።

ቀጥሎ ቫይታሚን ኤን ይመልከቱ። ሬቲኒል ፓልሚቴት ወይም ሬቲኒል አሲቴት የሚል ካለ ያ የተዘጋጀ ቫይታሚን ኤ ነው፤ ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ይከማቻል፣ አጥንትን ይጎዳል፣ ካልሲየምን ከፍ ያደርጋል። ከምግብ በኩል ጉበት እንዲሁ ነው፤ 100 ግራም የበሬ ጉበት ብቻውን ለአዋቂ ከተፈቀደው የቀን ጣሪያ ከ3,000 ማይክሮግራም ያልፋል። ዱለት ለንቅለ ተከላ ታማሚ የማይመከረው ጥሬ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን በዚህም ምክንያት ነው። ቤታ ካሮቲን በካሮትና በስኳር ድንች መልክ ሲበላ ችግር የለውም። በእንክብል መልክ ግን በ1994 በፊንላንድ አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰርን በ18 በመቶ ጨምሯል። በመጨረሻ ማግኒዥየም ካለ ይመልከቱ፤ ማይኮፌኖሌት ከተባለው ሌላው የንቅለ ተከላ መድኃኒት ጋር አብሮ ከተዋጠ መድኃኒቱ እንዳይገባ ያግዳል፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት መራራቅ አለበት። ስማቸው የማይታወቅ ዕፅዋት፣ «የበሽታ መከላከያን ያጠነክራል» የሚል ቃል፣ የእርድ እንክብል፣ የሽፈራው ዱቄት ያለበትን ይመልሱት። ኩላሊቱ እንዲቆይ ሲባል ሆን ተብሎ ዝቅ የተደረገን የመከላከል አቅም ለማጠንከር መሞከር የሐኪሙን ሥራ ማፍረስ ነው። እርድ ወጥ ውስጥ በጣት ጫፍ ሲገባ አንድ ነገር ነው፤ በቀን ግራሞች የሚዋጥ እንክብል ግን የኦክሳሌት ምንጭ ነው፣ የታክሮሊመስንም መጠን ሊያናጋ ይችላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልጨምር። በሽንት ውስጥ የበዛ ቫይታሚን ሲ የሽንት መመርመሪያ ወረቀትን ያሳስታል፤ ደም እያለ «የለም»፣ ስኳር እያለ «የለም» ሊል ይችላል። አንዳንድ የጣት ስኳር መለኪያዎችም ከፍተኛ መጠን ከተወሰደ በኋላ ስኳሩን ከእውነቱ በላይ አድርገው ያነባሉ። ለምርመራ ሲሄዱ የወሰዱትን ቫይታሚን ለላብራቶሪ ባለሙያው መናገር ያስፈልጋል።

ከገበታው

በቀን ከ100 እስከ 200 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ከምግብ ማግኘት ቀላል ነው። ጥሬ ቃርያ 100 ግራም እንደ ዓይነቱ ከ80 እስከ 240 ሚሊግራም ይይዛል። አንድ ዘይቱን ብቻውን ከ100 ያልፋል፣ አንድ ብርቱካን ወደ 70፣ 100 ግራም ፓፓያ ወደ 60 ይሆናል። ቲማቲም በመጠኑ ያግዛል። ሙቀትና ውሃ ግን ጠላቶቹ ናቸው፤ ከሽንኩርት ጋር ለረጅም ሰዓት የበሰለ ቲማቲም ጣዕሙን እንጂ ቫይታሚኑን ብዙ አያተርፍም። ጎመን ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ ብዙው ቫይታሚን ሲ አብሮ ይሄዳል። የፖታሲየሙ ቁጥር ከፍ ላለበት ሰው ግን ያው ውሃ መድፋት ይጠቅመዋል፤ ቫይታሚኑን ከቃርያው ያገኛል።

የፖታሲየሙን ነገር አጥብቄ የማነሣው ታክሮሊመስ፣ ሳይክሎስፖሪን፣ ባክትሪም የተባለው ፀረ ተህዋሲያን መድኃኒትና አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች ሁሉም ፖታሲየምን ከፍ ስለሚያደርጉ ነው። ግማሽ አቮካዶ ወደ 480 ሚሊግራም፣ አንድ ሙዝ ከ400 በላይ፣ አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ 450 ገደማ ፖታሲየም አላቸው። ሦስት ፍራፍሬ የተደራረበበት ስፕሪስ በአንድ ተቀምጦ ሲጠጣ ስኳሩም ፖታሲየሙም ይቆለላል። ፖታሲየምዎ ከ5 በታች ከሆነና ሐኪምዎ ካልከለከለ ፍሬውን ይብሉ፤ ጭማቂውን ይቀንሱ። ግሬፕፍሩትና ፖሜሎ ግን ፍሬያቸውም ጭማቂያቸውም ፈጽሞ አይነኩም፤ አንጀት ውስጥ ታክሮሊመስንና ሳይክሎስፖሪንን የሚያፈርሰውን ኤንዛይም ስለሚያግዱ የመድኃኒቱ የደም መጠን በድንገት ከፍ ይላል። ተራው ብርቱካንና ሎሚ ይህ ችግር የለባቸውም።

ቅጠላ ቅጠሉን በተመለከተ ጎመንና ቆስጣ አንድ አይደሉም። ቆስጣ በኦክሳሌት በጣም ሀብታም ነው፤ ጎመን ዝቅተኛ ነው። ቆስጣን ወይም ቀይ ሥርን በየቀኑ ፈጭቶ በጭማቂ መልክ መጠጣት «ጤና ነው» ቢባልም ለተተከለ ኩላሊት ጥሩ አይደለም፤ አልፎ አልፎ በሳህን ላይ ከሆነ ችግር የለውም። ቫይታሚን ኢ ደግሞ በሱፍ፣ በኑግና በኦቾሎኒ ውስጥ በቂ አለ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሱፍ ዘይት ከ5 እስከ 6 ሚሊግራም ይሰጣል። ጥሬ የሚበላ ሁሉ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ፣ ቅጠሉ አንድ በአንድ ተለይቶ መታጠብ አለበት፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደግሞ ውጭ የሚሸጥ ሰላጣ ቢቀር ይሻላል።

የጾም ምግብ፣ ምስሩ፣ አተሩ፣ ጎመኑና የሱፍ ፍትፍቱ፣ ለደም ሥር መልካም ነው። ችግሩ የሚመጣው ከሰዓቱ ነው። ታክሮሊመስ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ከሆነ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን ማዘግየት የለበትም፤ በውሃ ይዋጣል። ይህን ከንስሐ አባት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ጥሩ ነው። በረመዳንም የመድኃኒቱን ሰዓት ወደ ሱሑርና ኢፍጣር ከማዞር በፊት ከሐኪም ጋር መስማማት ግድ ነው።

እሳቱን የሚቀንሰው

የፍሪ ራዲካሉን ምንጭ የሚነኩት ሥራዎች ስማቸው የተለመደ ስለሆነ ሰው ይንቃቸዋል። የመጀመሪያው ግፊት ነው፤ ኩላሊት ለተተከለለት አዋቂ ግቡ ከ130/80 በታች ነው። በቤት ሲለኩ ጠዋት ከመድኃኒትና ከቡና በፊት፣ ጀርባን ደግፎ 5 ደቂቃ ተቀምጦ፣ ክንድን በልብ ትክክል አሳርፎ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይለኩ። ለዲያሊሲስ የተሠራ ፊስቱላ ያለበት ክንድ ላይ ግን ፈጽሞ አይለካም። ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን፤ ገበያ ላይ የሚሸጠው በርበሬና ሽሮ ጨው ገብቶበት የተፈጨ ሊሆን ስለሚችል ወጡ ላይ ሌላ ከመጨመርዎ በፊት ይቅመሱት።

ሁለተኛው ስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል ማውረጃ መድኃኒት ነው። በ2003 የታተመው አለርት የተባለ ጥናት 2,102 ኩላሊት የተተከለላቸውን ሰዎች ይዞ ፍሉቫስታቲንን ፈትኖ ነበር። አስቀድሞ የተያዘው ዋና ግብ በቂ ልዩነት ባያሳይም በልብ ምክንያት መሞትና ለሞት ያልደረሰ የልብ ሕመም አንድ ላይ ሲታዩ በ35 በመቶ ቀንሰዋል። አንድም የቫይታሚን ጠርሙስ በዚህ ሕዝብ ላይ ይህን አላሳየም። የስታቲኑን ዓይነት ግን ሐኪሙ ይምረጥ፤ ሲምቫስታቲን ከሳይክሎስፖሪን ጋር ሲገናኝ ጡንቻን ያፈርሳል፣ የፈረሰው ጡንቻም ኩላሊቱን ይደፍናል። ሲጋራ ማቆም፣ ከንቅለ ተከላ በኋላ የሚመጣውን ስኳር ቶሎ መያዝ፣ በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይከተላሉ። ሲራመዱ ደሙ በግድግዳው ላይ በፍጥነት ስለሚያልፍ ኢንዶቴልየሙ ናይትሪክ ኦክሳይዱን ራሱ ያመርታል፤ ቫይታሚኑ ሊያደርገው ያልቻለው ይህንኑ ነው።

እስካሁን ሲወስዱ ለቆዩ

ቫይታሚን ሲ ወይም ኢ በከፍተኛ መጠን ለወራት ሲወስዱ ከቆዩ ጠርሙሱን ዛሬውኑ ጥሎ ዝም ማለት አደጋ አለው። ቫይታሚኑ የሳይክሎስፖሪኑን መጠን አውርዶት ከነበረ ሐኪሙ ምክንያቱን ሳያውቅ የመድኃኒቱን ዶዝ ጨምሮ ሊሆን ይችላል፤ ቫይታሚኑ ሲቆም ያ የተጨመረው ዶዝ ይበዛል። ስለዚህ ጠርሙሱን ይዘው ወደ ክሊኒኩ ይሂዱ፣ የጀመሩበትን ጊዜ ይናገሩ፣ በሐኪሙ ፈቃድ ያቁሙ። በሳምንት ውስጥና እንደገና በሁለተኛው ሳምንት ክሬቲኒን፣ ፖታሲየምና የመድኃኒቱ የደም መጠን እንዲታዩ ይጠይቁ። ደም የሚሰጡት ከማታው ዶዝ 12 ሰዓት ያህል በኋላ፣ የጠዋቱን ሳይውጡ ነው፤ እንክብሉን በኪስ ይዘው ይሂዱና ደሙ እንደተቀዳ ይዋጡት። በመካከሉ እጅ መንቀጥቀጥ፣ አዲስ ራስ ምታት፣ የግፊት መጨመር ወይም የሽንት መቀነስ ካዩ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ይደውሉ።